ከጉንጬ የወጡት መስመሮች

ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሻይ የሚያፈሉልን ሴት ስኒ ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና «ልጄ፣ አንቺስ ትጾሚያለሽ?» አሉኝ።

«እንዴታ!» አልኳቸው።

ሌላ ምን ይባላል? እናቴን በሚያክሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ በመጡ ሴት ፊት «እኔ እንኳ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የምሸነፈው» ይባላል?

ሁላችንም አደይ ነበር የምንላቸው። ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ በቋንቋቸው «እናቴ» ማለት ነው። «እንዴታ» ካልኩበት ቀን ጀምሮ አደይ የምሳ ዕቃቸውን ለሁለት ማካፈል ያዙ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሻይ ወደሚፈላባት ጠባብ ክፍል ይጠሩኝና አንድ ቀን የሱፍ ፍትፍት፣ አንድ ቀን ተልባ፣ አንድ ቀን ስልጆ ያቀርቡልኛል። «ጾመኛ ብቻውን አይበላም» ይላሉ። እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያደረሰኝ ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅኩት ብስኩት መሆኑን ሳልነግራቸው፣ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ። ብስኩቱ ወተት የለበትም። ነገሩ ቢወጣ ይህን እንደ መከላከያ ለማቅረብ አስቤ ነበር።

የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በሚገኝ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በአንዲት አነስተኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከአደይ ሌላ ሦስት ሰዎች ነን። አለቃዬ የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብርሃን ሲያጠኑ የኖሩ። ሁለተኛው መሣሪያውን የሚገጥምና የሚጠግን ኢንጂነር ነው። የሥነ ሕይወት ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ። ሕዋስ አሳድጋለሁ፣ አቀልማለሁ፣ ለእይታ አዘጋጃለሁ። ሁለቱ ሰዎች ስለ መስተዋትና ስለ ጨረር የማያውቁት የለም፤ ጉበትን ከኩላሊት ግን በአጉሊ መነጽር አይለዩም። ያዳነኝም፣ ያጠፋኝም ይኸው ነው።

ማሽናችን ተራ ማይክሮስኮፕ አይደለም። ብርሃን የራሱ ገደብ አለው፤ ሁለት ነገሮች ከተወሰነ በላይ ከተጠጋጉ ተራ ማይክሮስኮፕ አንድ ላይ አድርጎ ብዥ ያለ ነገር ነው የሚያሳየው። የእኛው ግን ብርሃኑን እንደ ነጠላ ጥለት በመስመር በመስመር አድርጎ ናሙናው ላይ ይጥላል። መስመሮቹን ትንሽ ፈቀቅ፣ ትንሽ ዞር እያደረገ ደጋግሞ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አገናዝቦ፣ ተጣብቀው የነበሩትን ይለያያቸዋል። ከላይ እስከ ታች ንብርብር በንብርብር ስለሚያነሳም፣ በሕይወት ያለ ሕዋስ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ሁሉ እያገላበጡ ማየት ይቻላል። ተማሪ ሳለን እንደ ባቄላ አድርገን የሳልነው ማይቶኮንድሪያ እዚህ ሲታይ እንደ ትል ይንፏቀቃል፤ ይለያያል፤ ተመልሶ ይገናኛል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ምሳዬን ረስቻለሁ፤ እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

ማሽኑ የሚፈራው ባቡሩን ብቻ ነበር። የከተማው ባቡር በዋናው መንገድ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኢንጂነሩ ደጅ ላይ ይቆምና «አለፈ!» ብሎ ሲጮህ እኛ ቶሎ እናነሳለን።

የጾሙ እኩሌታ ላይ እንግዶች እንደሚጎበኙን አስቀድሞ ተነግሮን ነበር። መሣሪያውን የሰጡን የውጭ አጋሮች «እየሠራ ነው ወይ?» ብለው ስለጠየቁ፣ የበላይ መሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎች ረቡዕ መጥተው በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ለዚህ ቀን አንድ ወር ሙሉ ሕዋስ ሳሳድግ ከርሜያለሁ። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳም አለ። ሰኞ ጠዋት ሳህኖቹን ስከፍት ሕዋሶቼ ሞተው ተንሳፍፈዋል።

አለቃዬ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «በሁለት ቀን ሌላ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ግን ከሰው ጉንጭ በጥጥ ጠረግ አድርገን ብናቀልምስ? አብዛኛው የሞተ ነው፤ ከሥር ያለው ግን ነፍስ አለው።»

ጉድጓዱን በገዛ አፌ የማስኩት በዚህ ጊዜ ነው።

ሕያው ሕዋስ የምናቀልምበት ቀለም ደግሞ ረቡዕ ማለዳ ቦሌ ካርጎ እንደሚደርስ ተነገረን። እኔ ነኝ የተላክሁት። ገና ሳይነጋ ከየካ አባዶ ተነስቼ፣ ሚኒባስ ለሚኒባስ እየዘለልኩ ደረስኩ። ቀኑን ሙሉ እንደሚያቆሙኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እንደ ተአምር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሜ፣ በበረዶ የታሸገውን ሣጥን አቅፌ ወጣሁ። እንግዶቹ የሚመጡት አምስት ሰዓት ነው። ብስኩቱን ቤት ረስቼዋለሁ። ቦሌ ሚካኤል ደግሞ ቅርብ ናት።

ቦሌ ሚካኤል የሶማሌ ምግብ ቤቶች አሉ። ጾም ገባ ወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ጥብስ አይጠፋም። የሚያውቀኝም ሰው የለም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የቀለሙን ሣጥን አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጥኩት። ከፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ በትንንሹ የተከተፈ ጥብስ በሩዝ እየበላ ነበር። በጣቴ ጠቆምኩና «እንደሱ» አልኩ። ሲቀርብልኝ «የፍየል ነው አይደል?» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ግመልም የሚሠራበት ቤት ነው፤ ጠይቄ መልሱን ካገኘሁ ቁርሱ ሊቀርብኝ ነው። ሳልጠይቅ በላሁ። በዚያ ሳምንት ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ስለ ጥብሱ ግን እውነቱን ልናገር፤ ግሩም ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ገቡ። ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ይሆናሉ። አለቃዬ ስለ ብርሃን ገለጻ አደረጉና «አሁን ናሙና የሚሰጠን አንድ ሰው ያስፈልገናል» አሉ። ግራጫ ኮት የለበሱ ኃላፊ እጃቸውን አወጡ። ደስ ብሎኝ ጥጡን ይዤ ወደሳቸው ስንደረደር አለቃዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ አሁን ሻይ በዳቦ ወስደዋል፤ ፍርፋሪ ይገባብናል። የእኛ ልጅ ጾመኛ ናት። ከትናንት ጀምሮ ምግብ በአፏ አልዞረም። ንጹሕ ናሙና የሚገኘው ከእሷ ነው።»

አደይ የሻዩን ዝርግ ሳህን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው እንደተመረቀች እናት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የኢንጂነሩ ቢሆን አይሻልም?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እሱ ማስቲካ እያኘከ ነው።»

«እሺ፣ አንዴ ልጉመጥመጥና...»

«ውሃው ሕዋሱን ያጥብብናል፤ ይልቅ ቶሎ በይ!»

አፌን ከፈትኩ። ጥጡን በጉንጬ ላይ ሳንሸራትት፣ ወደ መንጋጋ ጥርሴ እንዳይደርስ የቻልኩትን ያህል ተጠንቅቄ ነበር። አልተሳካልኝም።

ቀለሙ እስኪገባ ጠበቅን። ባቡሩ መጣ፤ «አለፈ!» አለ ኢንጂነሩ። ስክሪኑ ላይ የጉንጬ ሕዋሶች ተዘርግተው ወጡ፤ ጥቂቶቹ ውስጥ ማይቶኮንድሪያው ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እንግዶቹ አጨበጨቡ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አለቃዬ ግን ሞቅ ብሏቸዋልና «ጎኑንም እንይ» ብለው ናሙናውን ገፋ አደረጉት። ከስክሪኑ ጥግ አንድ ረጅም ነገር ብቅ አለ። ያበራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ መሰላል እርከን በእኩል ርቀት የተደረደሩ መስመሮች አሉት። አለቃዬ አገላበጡት፤ መስመሮቹ ላይ ላዩን ብቻ አይደሉም፤ እስከ ሥሩ ድረስ ያልፋሉ።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ ባለ ግራጫ ኮቱ።

አለቃዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ ፊታቸው ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ያለ ደስታ እየታየ «አላውቅም» አሉ። «እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጉንጭ ሕዋስ ውስጥ አይቼ አላውቅም!»

እኔ ግን ገና ብቅ ሲል አውቄዋለሁ። የሥነ ሕይወት ተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ተሰልፎ የሚቆም ጡንቻ ብቻ ነው። ከጥርሴ መሀል የወጣ የጥብስ ክር፣ በኃላፊዎች ፊት፣ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ።

«አንቺ የሥነ ሕይወቷ ሰው፣ ምን ትያለሽ?»

«መመርመር አለበት» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት አለቃዬ እንደገና ከጉንጬ አስወሰዱ። ድዴ እስኪደማ ጥርሴን ቦርሼ ስለመጣሁ ምንም አልተገኘም። ከሰዓት በኋላም ደገምን፤ ምንም የለም። «ምናልባት ቆሻሻ ነበር ይሆን?» ብዬ ሞከርኩ።

«ቆሻሻ እንዲህ ሰልፍ ይዞ ይቆማል?» አሉ።

ኢንጂነሩ በበኩሉ ማሽኑን ጠረጠረ። ናሙናው ላይ የምንጥለው ብርሃን ራሱ መስመር መስመር ስለሆነ፣ በትክክል ካልተስተካከለ ምስሉ ላይ የሌለ መስመር ሊፈጥር ይችላል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ያጋጥማል። አለቃዬ መስመሮቹን ለክተው «የማሽኑ መስመር ከዚህ በጣም የደቀቀ ነው፤ ይሄ የሱ አይደለም» ቢሉትም አላመነም። መስተዋቶቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ ወለወለ፤ ገጠመ። አርብ ጠዋት ወገቡን ይዞ ከማሽኑ ሥር ሲወጣ «ጥፋቱን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

አለቃዬ ለአጋሮቹ የሚላክ ደብዳቤ ጀመሩ። በጉንጭ ሕዋስ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልታየ አወቃቀር ስለማግኘታችን የሚያስረዳ ነው። «ስምሽ ከእኔ ቀጥሎ ይገባል» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ሰጡኝና «ረቡዕ ያደረግሽውን ሁሉ ከአልጋሽ ከወረድሽበት ጀምረሽ ጻፊልኝ። የተለየ ነገር መኖር አለበት» አሉ።

ጻፍኩ። ሚኒባሱን፣ ካርጎውን፣ የፈረምኩበትን ሰዓት፣ ጉርድ ሾላ የደረስኩበትን ሰዓት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነበር» አልኳቸው።

ወዲያው አመኑኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማያምን ሰው የለም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ልናዘዝ ቆርጬ ገባሁ። አለቃዬና ኢንጂነሩ ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ያንኑ ምስል ለስንተኛ ጊዜ ያዩታል። አፌን ልከፍት ስል አደይ ሻይ ይዘው ገቡ። ስኒውን አስቀመጡና አልወጡም። ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ለመሆኑ ይሄን ነገር ሦስት ቀን ሙሉ የምታዩት ምን ሆኖ ነው?»

«አደይ፣ ምን እንደሆነ ስላላወቅን ነው» አሉ አለቃዬ በትሕትና።

አደይ ጠጋ አሉ። «ቋንጣ አይደለም እንዴ?»

ኢንጂነሩ ሳቀ።

«አትሳቅ አንተ። ልጆቼን ያሳደግኩት ቋንጣ ዘልዝዬ እየሸጥኩ ነው። ያው ቃጫው! እዚህ ጫፉ ላይ እንዴት እንደተተለተለ አታይም? ሥጋ በጥርስ ሲበጠስ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

አለቃዬ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። «ሥጋ» አሉ። «ሥጋ... ጡንቻ!» ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ደስታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «ታዲያ ሥጋ ከየት ይመጣል? ናሙናው የእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ...»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

«ረቡዕ ጠዋት ቦሌ ሚካኤል ጥብስ በልቼ ነበር» አልኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ኢንጂነሩ ነው። «ሦስት ቀን! ሦስት ቀን መስተዋት ስፈታ እዚያ ቆመሽ ታዪኝ ነበር!»

አደይ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ረቡዕ?» አሉኝ።

«ረቡዕ።»

«በዐቢይ ጾም፣ በረቡዕ። የምን ሥጋ?»

«አልጠየቅኩም።»

አማተቡና ባዶውን ዝርግ ሳህን ይዘው ወጡ።

አለቃዬ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አሳዩኝ። «መብላትሽ የአንቺና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ። ይሄን ግን ዛሬ ልልከው ነበር። ሐሙስ ጠዋት አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስቆም አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «‹ንጹሕ ናሙና› ብዬ እኮ ነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት...» አሉና ሳቁ ቀሪውን አላስጨርሳቸው አለ። ኢንጂነሩም ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ ይቅር ያለኝ ግን ሌላ ሳምንት ሙሉ ዕቃ ካቀበልኩት በኋላ ነው።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አደይ አልጠሩኝም። ማክሰኞም አልጠሩኝም። ማክሰኞ ራሴ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ግቢ፣ ብርድ ታስገቢያለሽ» አሉ ሳያዩኝ።

«አደይ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የተቀየምኩት ሥጋ ስለበላሽ አይደለም። ሰው ነሽ፣ ትደክሚያለሽ። እኔ ግን ከራሴ ቀንሼ ነበር የማካፍልሽ። ‹ልጅቷ ባዶ ሆዷን ነው› እያልኩ ግማሽ ሆዴን ቤቴ እገባለሁ። አንቺ በልተሽ ትቀርቢያለሽ።»

ከተናዘዝኩ አይቀር ብዬ ስለ ብስኩቱም ነገርኳቸው።

«ብስኩቱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ከጠረጴዛሽ ሥር ፍርፋሪውን የሚጠርገው ማን መሰለሽ?»

ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞሩ። ከዚያ «የቀረውን ጾም እንኳ እንደ ሰው ጹሚው» አሉኝ። ጾምኩት። ሁለት ቀን አፍርሻለሁ፤ ሁለቱንም ቀን ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። አለቃዬ «በግምት አንጽፍም» አሉ። ያየነው ሥጋ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሥጋ መሆኑ የታወቀ ናሙና ከጎኑ አስቀምጠን ማነጻጸር አለብን። የሚገዛውስ ማን ይሁን? ማንም ከእኔ ጋር ለክርክር አልቀረበም። በጾም የሰፈራችን ልኳንዳ ቤቶች ዝግ ስለሆኑ፣ ቦሌ አንድ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። የምፈልገው ምስር የምታክል ቁራጭ ነው፤ ሥጋ ሻጩ ግን ከግማሽ ኪሎ በታች አልቆርጥም አለ። ከረጢቱን ስቀበል ከኋላዬ «እንዴት ዋልሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጎረቤቴ ናቸው። የኮንዶሚኒየማችን የማርያም ማኅበር ጸሐፊ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ በታች የሚኖሩ። ዘይት ሊገዙ መጥተው ነው። ከረጢቱን አዩ። እኔን አዩ።

«ለሥራ ነው» አልኳቸው።

«ለሥራ?»

«አዎ፣ በማይክሮስኮፕ ልናየው ነው።»

«ግማሽ ኪሎ?»

«ከዚያ ያነሰ አልሸጥም ስላለኝ ነው እንጂ የሚያስፈልገኝ ምስር የምታክል ናት። በእግዚአብሔር ስም፣ እውነቴን ነው!»

«አይዞሽ፣ እኔ ምን አልኩ» አሉና በአዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያ ጾም እንደዚያን ጊዜ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ጊዜም ሰው ሳያምነኝ ቀርቶ አያውቅም።

ሥጋውን አቅልመን፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ጠብቀን አየነው። ያው መስመር፣ ያው አሰላለፍ ወጣ። የተረፈው ሥጋ ናሙና ተብሎ ተጽፎበት ከበረዶ ቤት ገባ። የፍየል ይሁን የግመል ማሽኑ እንደማይለይ አለቃዬ ሲያረጋግጡልኝ ማሽኑን ከልቤ አመሰገንኩት። በአዲሱ ደብዳቤ ላይ ያየነው አዲስ ነገር እንዳልሆነ፣ እንዴት እንደተሳሳትን፣ ማሽኑ ግን በትክክል እንደሚሠራ ጻፉ። ሦስታችንም ፈረምን። አጋሮቹ ደስ ብሏቸው መለሱ፤ ናሙና እንዴት መወሰድ እንደሌለበት ተማሪዎችን ለማስተማር ምስሉን እንጠቀምበት ወይ ብለውም ጠየቁ። አለቃዬ እኔን ሳያማክሩ ፈቀዱ።

የካ አባዶ ግን ደብዳቤ የሚያነብልኝ አልነበረም። በማግስቱ ማታ ደረጃ ስወጣ የሁለተኛው ፎቅ ሰውዬ «እሺ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣዋ ልጅም «ሥራ በዛ አይደል?» አለችኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ በዚያ ደረጃ ላይ ስለ ሥራዬ ሳይጠይቀኝ ያለፈ ሰው አልነበረም።